ስም፣ ፊደልና ዘመን፦ ለዕለት ሥራ የሚያገለግሉ ሦስት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ሲመዘኑ

ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የገበያ አዋጅ ይመስላል። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ለዓይን ያማረ ነው፣ ሦስተኛው ብዙ ዓይነት ሥራ ባንድ ጊዜ ያከናውናል እየተባለ ይነገራል እንጂ፣ ለማን ሥራ፣ በምን ቋንቋና ለስንት ዓመት ያገለግላል የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የተዘለለ ጥያቄ ነው።

ለምርመራችን ሦስት ፕሮግራሞችን መርጠናል። እነርሱም ለመጻፊያ ኪይማን፣ ለማስታወሻ መያዣ ኦብሲዲያን፣ ለመጻሕፍት መዝገብ ደግሞ ዞተሮ ናቸው። የመረጥንበትም ምክንያት ሦስቱ የአንድን ተማሪ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስለሚከተሉ ነው፤ ተማሪ መጀመሪያ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ያከማቻል፣ በመጨረሻም ይጠቅሳል። ሦስቱም በራስ ኮምፒዩተር ላይ ተጭነው ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ለመጠቀም ገንዘብ አይጠየቅባቸውም።

መመዘኛዎቻችንም ሦስት ናቸው። አንደኛ፤ ፕሮግራሙ ፊደላችንን ሳያጎድል ይቀበላልን? ሁለተኛ፤ ስማችንንና የዘመን አቈጣጠራችንን እንደ ወጉ ይይዛልን? ሦስተኛ፤ ፕሮግራሙ ነገ ቢቀር ወይም ባለቤቱ ውሉን ቢለውጥ፣ የደከምንበት ሥራ በእጃችን ይቀራልን? ፍጥነትና ውበት ከነዚህ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

ሀ. ስለ መጻፍ

የዛሬውን ለመመዘን የትናንቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከፊደላችን 33ቱ መሠረታውያን እያንዳንዳቸው በ7 ቅርጽ ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። የቀድሞው የኮምፒዩተር የፊደል ሰሌዳ ግን የነበረው ቦታ በጠቅላላ 256 ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም ላይ የላቲኑ ፊደላትና የማሽኑ የራሱ ምልክቶች ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ እየደረቡ፣ አንዳንዶቹም በሁለት ሰሌዳ እየከፈሉ መጠቀም ግድ ሆነባቸው። ብልሃቱ ለጊዜው ጠቅሟል። ነገር ግን የጽሑፉ ፋይል ያ ልዩ ፊደል ወዳልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲዛወር፣ አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይታያል። በዚያ ዘመን በልዩ ልዩ ፊደል የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ዛሬ ለመነበብ መለወጫ የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት በ3ኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ስለመጣ፣ ቢያንስ ለማንበብ ሌላ ፊደል መፈለግ ቀረ።

ኪይማን በዚህ መሠረት ላይ የቆመ የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ነው። የጀመረው ማርክ ዱርዲን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ መነሻውም የላኦ ቋንቋ ጽሕፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ አይ ኤል የተባለው የቋንቋ ጥናት ድርጅት ተረከበው፤ በኋላም ያለ ክፍያ እንዲሰጥና ውስጣዊ አሠራሩም ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ተደረገ። አጠቃቀሙ በድምፅ ነው፤ ሰላም ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የተባሉትን የላቲን ቁልፎች በተርታ መጫን ይበቃል። የሚጻፈውም በዩኒኮድ ስለሆነ በማናቸውም ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ይነበባል። በአንደኛውና በሦስተኛው መመዘኛችን መሠረት እንግዲህ ኪይማን የሚመሰገን ነው፤ ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ የተጻፈው ጽሑፍ አይጠፋምና።

ይሁን እንጂ በድምፅ የመጻፍ ዘዴ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ውጤት አለው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው በአማርኛ አንድ በመሆኑ፣ ከየወገኑ አንዱ በቀላል ቁልፍ ሲገኝ ሌላው ተጨማሪ ምት ይጠይቃል። የሚቸኵል ጸሓፊ የቀረበውን ቁልፍ ይመታል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቈዩ እየተባለ በሊቃውንት መካከል ብዙ ዘመን የተካሄደው ክርክር፣ ማንም ሳይወስን በቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ ወደ አንድ ወገን እየተዘነበለ ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ነገር ውጤት በጽሕፈቱ ጊዜ አይሰማም፤ የተጻፈውን መፈለግ የመጣ ቀን ነው የሚታወቀው።

ለ. ስለ ማከማቸት

ኦብሲዲያን ሺዳ ሊ እና ኤሪካ ሹ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት የማስታወሻ ፕሮግራም ነው። ተማሪው ካነበበው መጽሐፍ፣ ከሰማው ትምህርትና ካነጋገረው ሽማግሌ የሰበሰበውን በየወረቀቱ እየጻፈ፣ አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር በማገናኛ ያስተሳስረዋል። ስለ አድዋ ጦርነት ከተጻፈ ማስታወሻ ወደ እቴጌ ጣይቱ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አመሠራረት በአንድ ጠቅታ መሄድ ይቻላል። የቀድሞ ተመራማሪ በካርድ ሳጥን ያደርገው የነበረውን ይህ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ያደርገዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ከማገናኛው ይልቅ በአቀማመጡ ላይ ነው። እያንዳንዱ ማስታወሻ ማርክዳውን በተባለ ቀላል የአጻጻፍ ደንብ የተዘጋጀ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ በገዛ ኮምፒዩተራችን ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የፕሮግራሙ ውስጣዊ አሠራር ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ባለቤቶቹ ነገ ዋጋ ሊጠይቁበት ይችላሉ። ይህም ቢሆን ፋይሎቹ በማናቸውም የጽሑፍ ፕሮግራም ስለሚከፈቱ ተማሪው ንብረቱን ይዞ መውጣት አይሳነውም። በሌላ ወገን ኦብሲዲያን በውስጡ የድር ማሰሻ ያህል አካል የተሸከመ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ከተራ የጽሑፍ መጻፊያ ይልቅ ብዙ ማኅደረ ትውስታ ይወስዳል፤ ያረጀ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ዋናው ጕድለት የሚታየው ግን በፍለጋ ጊዜ ነው። ለኮምፒዩተሩ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ዘመዳሞች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቍጥር ያላቸው ባዕዳን ናቸው። ስለዚህ ዓለም ብሎ የጻፈ ሰው አለም ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ እየተባለ በአራት ዓይነት የተጻፈ ማስታወሻ በፕሮግራሙ ዓይን አራት ልዩ ልዩ ቃል ነው። የአንድ ዓመት ማስታወሻ ያከማቸ ተማሪ የፈለገውን ቃል ጽፎ ምንም አልተገኘም የሚል መልስ ሲያይ፣ የሚያስበው ስለዚያ ነገር ምንም አለመጻፉን ነው። ይህ ከመጥፋት የከፋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የጠፋ ነገር ይፈለጋል፣ የለም የተባለ ግን አይፈለግም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ በዘንባላ መስመሮች መካከል የሚቀበለውን የፍለጋ ቀመር መጠቀም ነው። /[ፀጸ][ሐሀኀ]ይ/ ተብሎ ቢጻፍ፣ በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት በአንዱ የተጻፈውን ሁሉ ያወጣል። ሁለተኛው በማስታወሻው ራስጌ ላይ የቃሉን ሌሎች አጻጻፎች እንደ ተለዋጭ ስም መመዝገብ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሸክሙን በተጠቃሚው ላይ የሚጥሉ ናቸው። የእንግሊዝኛ ተጠቃሚ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን በትንሽ ፊደል ፈልጎ ሲያገኝ ማንም ቀመር አላስተማረውም፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አስቀድመው አስበውለታል።

ምናልባት፣ ሞክሼዎቹን አንድ ብናደርጋቸው ችግሩ አይኖርም ነበር የሚል ይኖራል። ይህ ግን ለወደፊቱ እንጂ ላለፈው አይበጅም፤ የተጻፉት መጻሕፍት እንደ ተጻፉ ይኖራሉና። ከዚህም በላይ በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ሲሆን ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፊደሉን ማጥፋት ሳይሆን፣ ፈላጊው ሲሻ አንድ አድርጎ ሲሻ ለይቶ እንዲፈልግ የሚያስችል ፕሮግራም ነው።

ሐ. ስለ መጥቀስ

ዞተሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ያነበባቸውን መጻሕፍትና ጽሑፎች ይመዘግባል፣ ከዚያም በወርድ ወይም በሊብሬኦፊስ በሚጽፈው ጽሑፍ ውስጥ ማጣቀሻውን በተፈለገው ደንብ ራሱ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 6ኛው እትም ፒዲኤፍ ማንበቢያ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣው 7ኛው እትም ደግሞ ሌሎች የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትንም በዚያው ለማንበብ አስቻለ። አሠራሩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ መዝገቡም ሌሎች ፕሮግራሞች በሚያነቡት መልክ ሊወጣ ይችላል። ለኢንተርኔት ማከማቻ በነፃ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት ቢሆንም፣ በራስ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ገደብ የለውም። በሦስተኛው መመዘኛ ስንመለከተው ከሦስቱም የተሻለ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በሁለተኛው መመዘኛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ፕሮግራሙ ግን ስምን ለሁለት ይከፍለዋል። የደራሲ ስም የሚጻፍበት ቦታ ለቤተሰብ ስምና ለግል ስም የተከፈለ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ ስም አለ፣ የአባት ስም ይከተላል። ስለዚህ ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በአውሮፓው ደንብ ሲጠቀሱ፣ የአባታቸው ስም ሙሉ ሆኖ የራሳቸው በአንዲት ፊደልና በአንድ ነጥብ ይቀራል። መጽሐፉን የጻፉት ልጁ ሆነው ሳሉ የሚጠቀሱት አባቱ ሆኑ ማለት ነው።

ይህም ቀላሉ ነው። ስሙ ሳይከፈል ባንድ መስመር ከሌላ ቦታ ሲገለበጥ፣ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም በዚህ ዓይነት ሲገባ፣ የቤተሰብ ስም ሥላሴ፣ የግል ስም ኅሩይ ወልደ ሆኖ ይመዘገባል። ወልደ ሥላሴ የሥላሴ ልጅ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ ከወገቡ ሲቈረጥ መጽሐፉን የጻፉት ሥላሴ ናቸው እንደማለት ይሆናል። ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ውጤቱ አያስቅም። የአንድ ደራሲ ሥራ በአንዱ ጥናት በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም፣ በሦስተኛው በአባቱ ስም ግማሽ ሲመዘገብ፣ የጻፈው ሁሉ በአንድ ቦታ አይገኝም። ኋላ የሚመጣ ተመራማሪም ሦስት ደራስያን እንደነበሩ ሊያስብ ይችላል።

ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የታተመው ትልቅ ሥራ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ተራ ነው የሚያስቀምጣቸው። ስለዚህ ደንቡ የታወቀ ነው፤ የሚቀረው ፕሮግራሙን በደንቡ ማሠራት ነው። ዞተሮ ለዚህ በር አለው፤ በስሙ መስመር ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት በመጫን ሁለቱን ቦታ አንድ ማድረግና ሙሉውን ስም ሳይከፈል መጻፍ ይቻላል። ያን ጊዜ ስሙ በጽሑፉም ውስጥ በዝርዝሩም ላይ እንደ ወጉ ይወጣል። የምንነቅፈው ይህ በር የተሠራው በተለይ ለመሥሪያ ቤቶችና ለድርጅቶች ስም መሆኑን ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በትክክል ለመጠቀስ እንደ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት።

የዘመን ነገርም ከዚህ አያንስም። በዞተሮ ውስጥ ዓመት የሚጻፍበት ቦታ እንጂ የየትኛው አቈጣጠር ዓመት እንደሆነ የሚነገርበት ቦታ የለም። የኅሩይ የሕይወት ታሪክ የተባለው መጽሐፍ የታተመው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. 1922/23 መሆኑ ነው። ቍጥሩ እንዳለ ገብቶ በአውሮፓ አቈጣጠር ቢነበብ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታተመው መጽሐፍ ወደ ልጅ ኢያሱ ዘመን ይወሰዳል። ፍቅር እስከ መቃብርም በ1958 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ቍጥሩ የአውሮፓ ነው ተብሎ ቢታሰብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 ከተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በፊት የወጣ መጽሐፍ ይመስላል። እውነቱ ግን ከሙከራው በኋላ መውጣቱ ነው። በሥነ ጽሑፍና በታሪክ መካከል ያለውን ግንኙነት ለሚያጠና ሰው ይህ ስሕተት ትርጓሜውን በሙሉ የሚገለብጥ ነው።

መ. ስለሚነሣው ተቃውሞና ስለ መደምደሚያው

በኮሌጅ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ስለ አማርኛ ፕሮግራም መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ማስረጃው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው፤ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የጋዜጣ ዓምድ፣ ከሽማግሌ አፍ የተሰማ ቃል ሁሉ በእንግሊዝኛ አልተጻፈም። ስማችንም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሥርዓቱን አይለውጥም። የቋንቋው መለወጥ ችግሩን ከዓይን ያርቀዋል እንጂ አያስወግደውም።

ሌላው ተቃውሞ፣ ባለሙያዎቹ ያልሠሩልንን ጕድለት መንቀፍ ከንቱ ነው፣ በነፃ የተሰጠ ነገር አይነቀፍም የሚል ነው። እኛ ግን የማንከፍልበት ዕቃ ሁሉ ያለ ዋጋ ነው ብለን አናምንም፤ ዋጋው በተዛባ ስምና በማይገኝ ማስታወሻ ይከፈላልና። ደግሞም ዞተሮና ኦብሲዲያን ሁለቱም ከውጭ ሰዎች የሚሠሩ ተጨማሪ ክፍሎችን ይቀበላሉ። ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ የሚያዛምድና የዓመተ ምሕረትን ዓመት ለይቶ የሚይዝ ተጨማሪ ክፍል መሥራት ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የሚሆን፣ ከማንም ፈቃድ የማያስፈልገው ተግባር ነው። ነቀፌታችን እንግዲህ ወደ ባዕዳኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ራሳችንም የሚመለስ ነው።

ፍርዳችንን በአጭሩ ለማጠቃለል፤ ኪይማንን ያለ ብዙ ማመንታት እናመሰግናለን። ኦብሲዲያን ለሚያነብና ለሚያስብ ተማሪ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ የፍለጋ ቀመሩን ላልተማረ ግን ሳያውቀው ይደብቅበታል። ዞተሮን ከሦስቱ አብልጠን እንመክራለን፤ ከሦስቱም አብልጠን እንጠነቀቅበታለን፤ ምክንያቱም የሌላው ስሕተት በተማሪው ኮምፒዩተር ውስጥ ሲቀር፣ የዞተሮ ስሕተት ታትሞ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል።

እስከዚያው ድረስ የትምህርት ክፍሎች ያለ ምንም ወጪ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። አንድ ገጽ የሚሞላ ደንብ ማውጣት ይበቃል፦ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይከፈል በአንድ ቦታ ይጻፍ፤ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአንድ አቈጣጠር ይሁን፣ በመጽሐፉ ላይ የታተመው ዓመትም በተጨማሪ ማስታወሻው ቦታ ዓ.ም. ተብሎ ይያዝ፤ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ያለው ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑ አይዘንጋ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በዩኒኮድ ብቻ ይቀበል። መምህራን የነጥብና የሰረዝ አቀማመጥ ለማረም የሚያጠፉትን ጊዜ ለዚህ ቢያውሉት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ጽሑፋችንን የሚፈልግ ሰው ጽሑፉንም ያገኛል፣ የጻፈውንም ሰው በስሙ ይጠራዋል።